ዝገት የበላውን የድሮ ቢላዋ እንዴት ማደስ ይቻላል?

«ዝጎ የተቀመጠ የድሮ ቢላዋ አለኝ፣ እጀታውም ተሰንጥቋል፤ ይድናል ወይስ ልጣለው?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ መልሱን ከነአሠራሩ እዚህ አስቀምጠነዋል። አብዛኛው ይድናል። ዝገት ከላይ ሲያዩት የሚያስፈራውን ያህል ብረት አይበላም። ብዙ የድሮ ቢላዋ የሚበላሸው ሲታደስ ነው፦ ግራይንደር ላይ ተቃጥሎ፣ ያለ ልክ ተፍቆ፣ ወይም ያልደረቀ እንጨት ተገጥሞለት።

መመሪያው የተዘጋጀው ከካርቦን ብረት ለተሠራ የወጥ ቤት ወይም የሥጋ ቢላዋ ነው፤ እጀታው ግራና ቀኝ በሁለት እንጨት ተለብጦ በሪቬት (እንጨቱንና ብረቱን አሳልፎ በሚይዝ የብረት ካስማ) የተያዘ ዓይነት። ባለእጅ ከባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራው፣ ጭራው (ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባበት ክፍል) እንጨት ውስጥ የተሰካ ቢላዋም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይታደሳል፤ የሚለይበት ቦታ ላይ ስንደርስ እንገልጻለን። እጅ የሚያዘው ሥራ ሁለት ግማሽ ቀን ያህል ነው። ማጣበቂያውና የእጀታው ዘይት እስኪደርቁ ግን ከሳምንት በላይ ይሄዳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ብርጭቆ ወረቀት፦ 80፣ 120፣ 220፣ 400 እና 600 ቁጥር፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ከ220 በላይ ያለው ውሃ የሚችል ዓይነት ይሁን።
- 1 ሊትር አቼቶ፣ መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል
- ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይሆንም)
- ጥሩ ሞረድ፣ ሞርሳ፣ ትንሽ መዶሻ፣ የብረት መጋዝ
- ትራፓኖ ከ3 እና ከ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጋር
- 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናስ ዘንግ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል
- ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ፣ በ24 ሰዓት የሚደርቀው
- ሁለት የደረቀ ጠንካራ እንጨት፣ እያንዳንዱ 13 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት
- ያልተፈላ ንጹሕ የተልባ ዘይት፣ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል
- ሻካራና ለስላሳ ጎን ያለው የመሳያ ድንጋይ፤ ቢቻል 400 እና 1000 ቁጥር
- አሴቶን፣ ላምባ፣ ጠመኔ፣ ፓርከር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ክላምፕ
- የዓይን መነጽር፣ የአፍንጫና አፍ መሸፈኛ፣ ጓንት

የናስ ዘንግ ካጡ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ይገኛል። ከድሮ የበር መቀርቀሪያ የወጣም ይሠራል።

ጥንቃቄ

አቼቶን ከበረኪና ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ በፍጹም አያገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የእንጨትና የቀንድ ብናኝ አፍንጫ ሳይሸፈን አይሠራም። የሚሽከረከር መሣሪያ ሲይዙ ጓንት ያውልቁ፣ ጨርቁ ከተጠቀለለ እጅዎን ይዞ ይሄዳልና። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱ በሚፈጥረው ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ነክረው ይጣሉት።

1. ቢላዋውን ይመርምሩ

መጀመሪያ ስንጥቅ ይፈልጉ። ዝገቱን በደረቅ የሽቦ ብሩሽ ለቀቅ ካደረጉ በኋላ ብረቱን ላምባ ቀብተው 15 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው ይጥረጉና የተፈጨ ጠመኔ ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ተመልሶ ይወጣና ቀጭን የረጠበ መስመር ይታያል። መስመሩ ከስለቱ ተነሥቶ ወደ ጀርባው ከሄደ ቢላዋውን ለግድግዳ ጌጥ ያውሉት እንጂ አይሳሉት፤ ሥራ ላይ ይሰበራል።

ቀጥሎ የብረቱን ዓይነት ይለዩ። ማግኔት አይረዳም፣ የማይዝገው የወጥ ቤት ቢላዋም አብዛኛው በማግኔት ይያዛል። አንድ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አንጽተው የሎሚ ጠብታ ያሳርፉበትና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ግራጫ ወይም ጥቁር ምልክት ከቀረ ካርቦን ብረት ነው።

የስለቱንም ቀለም ይዩ። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ጥላ ካለበት ከዚህ በፊት በግራይንደር ተቃጥሏል ማለት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ስለጠፋ ስለት አይይዝም። ጥላው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ደረጃ 4 ላይ ተሞርዶ ይወገዳል።

ብረቱ ላይ የሠሪው ማኅተም ወይም የተቀረጸ ስም ካለ አሁኑኑ ፎቶ ያንሱት። የተፋቀ ማኅተም አይመለስም።

2. እጀታውን ይፍቱ

ስለቱን በወፍራም ካርቶንና በፕላስተር ይሸፍኑ። ይህን ዘልለው ወደ መዶሻው የሄዱ ሰዎች ናቸው እጃቸውን የሚቆርጡት።

የሪቬቱን ራስ በሞረድ ከእንጨቱ እኩል እስኪሆን ይሞርዱ፤ ከዚያ ጫፉ በተቆረጠ ሚስማር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መትተው ያውጡት። እምቢ ካለ መሐሉን በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱት፣ ይላላል። በጠፍጣፋ መፍቻ ፈልቅቆ ማንሣት አይገባም። ጭራው ሊጎብጥ ይችላል፣ የተሰነጠቀውም እንጨት ተበጣጥሶ ለልኬት የማይሆን ይሆናል። አሮጌውን እንጨት አይጣሉት፤ ለአዲሱ መቅረጫ ነው።

ጭራው እንጨት ውስጥ የተሰካ ከሆነ እንጨቱን በቁመቱ ሰንጥቀው ያውጡት። በእሳት አሙቆ መንቀል የተለመደ ነው፤ ሙቀቱ ግን ወደ ስለቱ ይሄዳል።

3. ዝገቱን ያስወግዱ

ቀይና ለስላሳ ዝገት ብቻ ከሆነ ላምባ ቀብተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩትና በብረት ሱፍ ይሹት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል፣ አቼቶ አያስፈልግም።

የጠነከረውንና ቅርፊት የሠራውን አቼቶ ይፈታዋል። አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ዝገቱን ያሟሟል፤ ዝገቱ ሲያልቅ ግን ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል። ሰዓት መቁጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

- ቢላዋውን በሳሙና ያጥቡ። ቅባት ያለበትን ቦታ አቼቶው አይነካውም።
- ቢላዋውን ሙሉ በሙሉ የሚያሰጥም የፕላስቲክ ዕቃ ይምረጡ። አሉሚኒየም አይሁን፣ እሱንም ይበላዋል። ግማሹ ከፈሳሹ በላይ ከቀረ በፈሳሹ ከፍታ ልክ ብረቱ ላይ መስመር ይበላል፤ ያ መስመር በቀላሉ አይለቅም።
- ክዳኑን አያጥብቁ። የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች ጋዝ ናቸው፣ መውጫ ይፈልጋሉ።
- በየ2 ሰዓቱ አውጥተው በሻካራ ብሩሽ ይሹት። አብዛኛው ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይጨርሳል፣ በጣም የከፋው እስከ 12።
- ሲጨርስ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው 10 ደቂቃ ይንከሩት። ቀዳዳና ማኅተም ውስጥ የቀረው አሲድ ካልሞተ ከሳምንት በኋላ ከእጀታው ሥር ዝገት ይወጣል።
- በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ወዲያው ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡ። የተራቆተ ብረት አየር ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ቡናማ ይለብሳል።

ቢላዋው ከአቼቶ ሲወጣ ጠቁሮ መታየቱ ጤናማ ነው፤ ጥቁሩ በብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል።

4. ቅርጹን ያስተካክሉ

ጀርባውን ወደ ዓይንዎ አቅንተው ይዩ። መጠነኛ ጉብጠት ካለው ሞርሳው ላይ በሁለት እንጨት መሐል ይያዙትና ጓንት አድርገው በእጅ ቀስ እያሉ ይግፉት። ብረቱ የመንጠር ባሕርይ ስላለው ከቀጥታው ትንሽ አሳልፎ መግፋት ግድ ነው። ጠንካራ ብረት በድንገት ሊሰበር ስለሚችል መነጽሩን አያውልቁ፣ ፊትዎንም ከአቅጣጫው ያርቁ። በመዶሻ መምታት አይሞከርም።

የተሰበረ ጫፍ የሚስተካከለው ከጀርባው በኩል ነው። ብዙ ሰው ከስለቱ በኩል ይሞርዳል፤ ያኔ ጫፉ ወደ ላይ ይነሣና መክተፊያው ላይ አልነካም ይላል። ከጀርባው አዲስ መስመር በፓርከር አስምረው እስከ ስለቱ ጫፍ በሞረድ ያውርዱ።

ስለቱ የተሸራረፈ ከሆነ ጥልቀቱን ይለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ሲሳል ራሱ ይጠፋል። ከዚያ በላይ ለሆነው ቢላዋውን ሻካራው ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና ድንጋዩን እንደሚቆርጡ ያህል ወዲያና ወዲህ ይሂዱ፣ ሽርፉ እስኪጠፋ። በዚህ ጊዜ ስለቱ ሆን ተብሎ ይደንዛል፤ አይደንግጡ። ነገር ግን ስለቱ በ2 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ወፍራሙ የብረት ክፍል ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከስለቱ በላይ ያለውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ግራና ቀኝ ድንጋዩ ላይ አስተኝተው ማቅጠን ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ቢላዋው ጸጉር እየላጨም ቢሆን ድንች ሲቆርጥ ይጣበቃል፣ ሽንኩርቱን ይፈለጥጠዋል።

ግራይንደር መጠቀም ካለብዎ ይህን ይያዙ፦ የካርቦን ብረት 220 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ገለባ የመሰለ ቢጫ ይይዛል፣ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። ስለቱ ቀጭን ስለሆነ እዚህ ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። በባዶ እጅ ይያዙት፣ አንዴ ካስነኩ በኋላ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ጣትዎ መያዝ ካቃተው ብረቱም በዝቶበታል።

5. ብረቱን ያለስልሱ

ቢላዋውን ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አስተኝተው በጭራው ቀዳዳ ብሎን ያስሩት፤ ስለቱ ከሳንቃው ጠርዝ እንዳያልፍ ያድርጉ። ብርጭቆ ወረቀቱን ቀጥ ባለ ትንሽ እንጨት ላይ ይጠቅልሉ። በጣት ብቻ ከተፋቀ ብረቱ ወጣ ገባ ይሆናል፣ ማኅተሙም ይደበዝዛል።

ጉድጓድ ካለ ከ120 ይጀምሩ፤ ከሌለ ከ220። ጥቂት ላምባ እያንጠባጠቡ ከእጀታው ወደ ጫፉ ይፈግፍጉ። ወደ 400 ሲያልፉ አቅጣጫውን ትንሽ ያጋድሉ፣ ያኔ የ220ው ጭረት ያልጠፋበት ቦታ ተሻግሮ ስለሚታይ አይሸወዱም። የፊተኛው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር መሄድ ሥራን እጥፍ ያደርጋል፣ 600 ላይ ጎልቶ ይወጣልና። መጨረሻውን ሁልጊዜ በቁመቱ ያድርጉት።

ጥቁር ሆነው የቀሩትን የዝገት ጉድጓዶች እስከ ወለላቸው ለመድረስ አይሞክሩ። ቀይ ዝገት ውስጣቸው ከሌለ አይጎዱም። እነሱን ለማጥፋት የሚሄደው ብረት ቢላዋውን ወረቀት ያደርገዋል።

6. ለማጥቆር ከፈለጉ

ይህ ደረጃ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከጌጥ ያልፋል። ጠቆር ያለ ብረት ከተራቆተው ዘግይቶ ይዝጋል፣ ምግብንም ብዙ አይቀይርም። ብረቱን በአሴቶን አጥበው ለብ ባለ አቼቶ በተነከረ ጥጥ በየ5 ደቂቃው ይቀቡት፤ ግማሽ ሰዓት ውስጥ እኩል ግራጫ ይይዛል። ጥቁር የሚወዱ በጣም ወፍራም አድርገው ባፈሉትና በቀዘቀዘ ቡና ውስጥ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያስጥሙት። የጣት አሻራ የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ከአሴቶኑ በኋላ ጭራውን ብቻ ይያዙ። በመጨረሻ በቤኪንግ ሶዳው ውሃ አለቅልቀው ያድርቁ።

7. አዲስ እጀታ ይግጠሙ

ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

*እንጨት።* ወይራ ከሁሉ ይሻላል፤ ከባድና ጠንካራ ነው፣ ሲወለወል መልኩ ይወጣል። ዋንዛ ለመሥራት ይቀልላል፣ በቀላሉ ግን ይሰረጉዳል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመም ለጀማሪ አይሆንም። ዋናው ነገር መድረቁ ነው። እርጥብ እንጨት ብረት ላይ ከተጣበቀ በኋላ ሲኮማተር ወይ ይሰነጠቃል ወይ ከጭራው ይላቀቃል። ቆርጠው በወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ከተሰበረ የድሮ ወንበር እግር ወይም ከጠንካራ እንጨት ዘነዘና የወጣ ቁራጭ ግን ድሮ የደረቀ ስለሆነ ይህን ጥበቃ ያስቀራል።

*መብሳት።* አንዱን እንጨት ከጭራው ጋር በክላምፕ አስረው በጭራው ቀዳዳ በኩል በ5 ሚሊ ሜትር ይብሱ። ፑንታው የሚወጣበት ጎን ላይ ሌላ ትርፍ እንጨት ይደግፉ፣ አለዚያ ጠርዙ ይፈነከታል። ሁለተኛውንም እንዲሁ። የጭራው ቀዳዳ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በቀዳዳው ልክ የሆነ ዘንግ ይፈልጉ፤ ላልቶ የሚቆም ዘንግ ምንም አይይዝም።

*የፊት ጠርዝ።* ሁለቱን እንጨቶች በዘንጉ አንድ ላይ ሰክተው ወደ ስለቱ የሚመጣውን ጠርዝ አሁኑኑ ቀርጸው እስከ 600 ያለስልሱ። ከተጣበቀ በኋላ ይህን ቦታ ለመንካት መሞከር ያለሰለሱትን ብረት ይጭረዋል።

*ማጣበቅ።* ጭራውንና የእንጨቱን የውስጥ ፊት በ80 ቁጥር ይጫሩ፣ ኢፖክሲ ለስላሳ ነገር ላይ አይይዝም። በአሴቶን ይጥረጉ፤ እንጨቱ ወይራ ከሆነ የራሱ ቅባት ስላለው ሁለት ጊዜ። ሁለቱን ቱቦ እኩል አውጥተው አንድ ደቂቃ ሙሉ ያዋህዱ። ሁሉንም ፊት፣ ቀዳዳውንና ዘንጉን ይቀቡ። ክላምፑን የሚያጠብቁት ማጣበቂያው በዙሪያው ቀጭን መስመር ሆኖ እስኪወጣ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሁሉም ተጨምቆ ይወጣና መሐሉ ደረቅ ይቀራል። ስለቱ ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ አሴቶን በነካ ጥጥ ይጥረጉ። 24 ሰዓት ይተዉት፤ ደጋ አገር በክረምት ከሆነ ብርድ ስለሚያዘገየው 48 ይሁን።

*መቅረጽ።* የወጣውን ዘንግ በመጋዝ ቆርጠው በሞረድ እኩል ያድርጉ። ናሱ ሲሞረድ ይግላል፣ ሙቀቱ ዙሪያውን ያለውን ኢፖክሲ ያላላል፤ ስለዚህ እየነኩ ያርፉ። እንጨቱን እስከ ጭራው ብረት ድረስ ያውርዱ። የእጀታው አጠቃላይ ውፍረት መሐሉ ላይ ከ18 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው እጅ ይስማማል፤ በየመሐሉ እየጨበጡ ይሞክሩት። ከ120 እስከ 400 ካለሰለሱ በኋላ በውሃ እርጥብ አድርገው ያድርቁትና የተነሣውን ጸጉር እንደገና በ400 ይፍቁ። ይህ ካልተደረገ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሻክራል።

*ዘይት።* የተልባ ዘይቱን በጣም ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልገባውን ሁሉ ይጥረጉ፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ያድርቁ። ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ወፍራም ቅብ ላዩ ብቻ ይደርቅና ውስጡ እንደተጣበቀ ይኖራል።

ለተሰካ ጭራ፦ እንጨቱን ከጭራው ትንሽ በጠበበ ፑንታ በቁመቱ ይብሱ፣ ቀዳዳውን በቀጭን ሞረድ እስኪገባ ያስፉ፣ ኢፖክሲ ሞልተው ይስኩትና ቢላዋውን ጫፉ ወደ ላይ አቁመው ያድርቁት።

8. ይሳሉት

ለወጥ ቤት በእያንዳንዱ ጎን 15 ዲግሪ፣ አጥንት ለሚነካ የሥጋ ቢላዋ 20 ዲግሪ ይስማማል። ማዕዘኑን ያለ መሣሪያ ለማግኘት የቢላዋውን ስፋት ከስለት እስከ ጀርባ ይለኩ፤ ጀርባው ከድንጋዩ በስፋቱ ሩብ ከፍ ካለ 15 ዲግሪ ይጠጋል፣ በሲሶ ከፍ ካለ 20። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቢላዋ ሩቡ 1 ሴንቲ ሜትር ነው።

ስለቱን ግራና ቀኝ በፓርከር ያቅልሙ። ሻካራው ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስበው ይመልከቱ። ቀለሙ ከላይ በኩል ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን በጣም ዝቅ አድርገዋል፣ ከጠርዙ ብቻ ከለቀቀ በጣም ከፍ አድርገዋል። እኩል ሲለቅ ያንን ማዕዘን ይዘው ይቀጥሉ።

አንዱን ጎን የሚስሉት በሌላው ጎን በሙሉ ርዝመቱ ጣት ሲነካው የሚይዝ ቀጭን ትርፍ ብረት እስኪወጣ ነው። ጣትዎን ከጀርባ ወደ ስለት ያሳልፉ፣ በስለቱ ርዝመት በፍጹም። ትርፉ ካልወጣ ስለቱ ገና አልተገናኘም፤ ወደ ለስላሳው ድንጋይ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ከወጣ ያገላብጡ፣ በሌላው ጎን ያውጡት፣ ከዚያ በ1000 ቁጥር ይድገሙ፣ እየቆዩም ጫናውን ያቅልሉ። በመጨረሻ ቆዳ ወይም የድሮ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ በእያንዳንዱ ጎን 10 ጊዜ ይሳቡት፤ የቀረው ትርፍ ይረግፋል።

መብራት ሥር ስለቱን ወደ ላይ ይዘው ይዩ። ብልጭ የሚል ነጥብ ያለበት ቦታ ደንዟል፤ የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

- ከሳምንት በኋላ እጀታው ተላቀቀ፦ ጭራው አልተጫረም፣ ወይም ቅባት ነበረው፣ ወይም በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ኢፖክሲ ገብቶበታል። ያኛው ውሃ በሚነካው ዕቃ ላይ ብዙ አይቆይም።
- ሲሳል ይሳላል፣ በማግሥቱ ይደንዛል፦ ትርፍ ብረቱ ሳይወገድ ታጥፎ ቀርቷል። ከጠራ በኋላም ካልቆየ ስለቱ ተቃጥሏል፤ ሞረድ በቀላሉ ከነከሰው ያረጋግጣል።
- ብረቱ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ፦ ሳይደርቅ ተቀምጧል። ከተጠቀሙ በኋላ በእጅ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል።
- ብረቱ ላይ የሚያጣብቅ ቢጫ ነገር፦ የምግብ ዘይት ተቀብቶ ቆይቷል፣ ዘይቱ ተበላሽቷል። ለማስቀመጥ ፋርማሲ የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ይሻላል፣ አይበላሽም።
- አፎት ውስጥ ተቀምጦ ዛገ፦ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አፎቱ ለመያዣ ነው፤ ቢላዋው ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ፓራፊን ተቀብቶ በደረቅ ወረቀት ይጠቀለል።